‹መልስ› የሚለው ቁልፍ

ለውድ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ኑሮውስ፣ ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ? እኛን ከጠየቅህ አባባም እኔም አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ደህንነታችንን ራሴም በቅጡ አላወቅሁትም፤ ደህና አይደለንም እንዳልልህ ደግሞ ገና መስመሩን ሳትጨርስ ትደነግጣለህ። ስለዚህ ሰላምታዬን እንደዚሁ በደፈናው ተቀበለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትል። ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ስለ ላክህልን ማሽን ስጠይቅህ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ያንን ገመድ ንቀዪው፣ ይኼኛውን ያዝ አድርጊው እያልክ በትዕግሥት ታስረዳኛለህ። አባባ ብዬ አፌን ስከፍት ግን አይሰማኝም፣ ይቆራረጣል ትላለህ፤ ከዚያ ጥፍት። እንዲህ ቃል እየመረጠ የሚቋረጥ ኔትወርክ በዕድሜዬ አላየሁም። ደብዳቤ ደግሞ አይቆራረጥም። የማሽኑን ሳጥን ያመጣልን ሹፌር ነገ ወደ አንተ ስለሚመለስ በእሱ እጅ እልከዋለሁ፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይልም አደራ ብዬዋለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። አጎታችን አባባን የአረጋውያን መጦሪያ ሊያስገቡት ነው። ቦታውን ሄደው አይተውታል፤ ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ አለ ይላሉ። በክፋት እንዳይመስልህ። ዓይኔ ስር የጠቆረውን አይተው ለእኔ አዝነው ነው። እሺ ካልሽ በሚመጣው ሳምንት ይገባል፣ እንቢ ካልሽም ምክንያትሽን ንገሪኝ ብለውኛል። የእሳቸው ምክንያት አጭር ነው፤ ወንድሜ አእምሮው ሄዷል፣ የራሱን ቤት ከሌላ ሰው ቤት ለይቶ አያውቅም ይላሉ። ይህንንም የሚሉት አንተ ከላክኸው የቁልፍ ሰሌዳ ተነሥተው ነው። እኔ ግራ ገብቶኛል። አንዳንድ ቀን እውነታቸውን ነው እላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ አባባ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቃል እላለሁ። ሰሌዳውን ያዘጋጀኸው አንተ ስለሆንክ ያየሁትን ሁሉ እንዳየሁት ልጻፍልህ። አንድ ቃል ጨምሬበት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አንተም አንብበህ ቁርጡን ንገረኝ።

ሳጥኑ የመጣ ቀን የሆነውን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፤ አፍሬ ነው። ኮምፒውተሩን አወቅሁት፣ ሁለቱን የመጫወቻ እጀታዎችም አወቅኋቸው። ያቺን መዳፍ የምታክል፣ ላይዋ ላይ ቁልፍ የተደረደረባትን ነገር ግን ካልኩሌተር መስላኝ ነበር። ሽቦዋን ስሰካው ቁልፎቿ በሙሉ በሩና በእያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ ሥዕል ከነጽሑፉ ወጣ። አንዱን ነካሁት። ሥዕሎቹ ሁሉ ጠፉና በምትካቸው ሌሎች መጡ። ያበላሸኋት መስሎኝ ሽቦውን መንጭቄ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አንዱን ስትነካው ሌሎቹ በሙሉ ስማቸውን የሚቀይሩበት ነገር እንዴት ብሎ በሰው ጭንቅላት ይገባል? መነጽር ቤት ሌንስ የምቆርጥበት ማሽን ላይ ጠዋት ማቆሚያ የነበረው ቁልፍ ማታም ማቆሚያ ነው። ያንተ ግን አሁን የመኪና ሥዕል የነበረው ቦታ፣ ዞር ብለህ ስትመለስ ‹አፍጥን› ሆኖ ይጠብቅሃል። አንድ ቀን እሱን ሳላውቅ ነክቼው ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁሉ እንዳበዱ ሲሯሯጡ፣ ሙዚቃውም ሲንጫረር፣ እኔም አብሬ ጮኼአለሁ።

ከዚያ ደግሞ ቃላትህ። ጨዋታው ሲከፈት ‹አስቀምጥ›፣ ‹መልስ›፣ ‹አፍጥን›፣ ‹አቁም›፣ ‹ውጣ› ይላሉ። ማብራሪያ የለ፣ እንደምን ሰነበታችሁ የምትል ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለ። እኔ ‹አስቀምጥ›ን ሳየው ለአስታማሚ የተጻፈ ትእዛዝ መሰለኝ። ተኝቶ መጫወት አይፈቀድም ማለት ነው ብዬ አባባን በትራስ ደግፌ፣ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጎረቤታችን እትዬ መርፌ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊነታቸውን ባትረሳም ምላሳቸውን ረስተኸው ይሆናል፣ መነጽራቸውን አውርደው ቃሉን አነበቡና፣ ሆዱ ደርቆ የተቸገረን ሰው በቁልፍ የሚያስቀምጥ ማሽን ከተገኘማ ለእኔም አንድ ይላክልኝ አሉ። አባባ ሳቀ። ያ በሽታ ግማሽ ጎኑን ከመታው ወዲህ መሳቁ የመጀመሪያው ነበር፤ በዚያ በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ብቻ ሳቀ። እኔ ከሳቁ በኋላ ወደ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ትእዛዞችህ ደግሞ ሁሉም ለወንድ ናቸው። ሰሌዳዋን የምወለውለው፣ ገመድ የምሰካው፣ ነገሩ ሲደነቃቀፍ የምነቅለው እኔ ሆኜ፣ ‹አስቀምጪ› የምትል አንዲት ቁልፍ ነፈግኸኝ። ይህን ስነግርህ ኮምፒውተር በወንድ ነው የሚታዘዘው ብለህ ሳቅህብኝ። ይሁን።

እንዳስረዳኸኝ ከሆነ አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፕሮግራም አሮጌውን ኮምፒውተር ነው የሚሆነው፤ ያንን አንተና አባባ ካሴት ጎርሶ እስኪጨርስ፣ እሪታውን እየሰማችሁ ከፊቱ ተደርድራችሁ የምትጠብቁትን። ስሙ ኢሙሌተር ነው፣ አስመሳይ በይው አልከኝ። አስመሳይ በቤተ ዘመዳችን የጠፋ ይመስል ከሩቅ መላክህ ገረመኝ። ግን ልንገርህ፣ ሥዕሉ ሲመጣ ደነገጥኩ። ያ ሰማያዊ፣ ያ ጆሮ የሚበሳ ዜማ፣ ፊደሎቹ እንደ ጥርስ የተቆራረጡት፣ ራሱ ነው። ካሴት የለ፣ መጠበቅ የለ፤ ስትነካው ከች ይላል።

አባባ እንደ እኔ አልተደናገረም። ይህን ልብ በልልኝ። ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረን ሰው ቁልፍና መብራት ምን ያስፈራዋል? ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው የሚውለው፤ አንደበቱም ገና አልተፈታም፣ ከእ እ አላለፈም። በግራ እጁ ሰሌዳዋን ስቦ ገለበጣት፣ ከስሯ ያለውን አየ፣ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ወዴት እንደሚያደርሱት ተከታተለ። እጀታውን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጥብቄለት በግራው ይነዳዋል፤ የቀረውን ሰሌዳዋ ትሠራለታለች። በአንድ እጅ እንዲሆንለት አስበህ እንዳዘጋጀሃት አውቄብሃለሁ። ስለ እሱ ሲወራ ስልክ የሚቋረጥበት ሰው ከአባቱ የትኛው እጅ እንደሚታዘዝ ጠንቅቆ አውቆ፣ ‹መልስ›ን ለግራ አውራ ጣቱ በሚቀርበው ጥግ ላይ አድርጓታል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤታችን ሌላ ቤት ሆኖ ነበር። የኳሷን ተጫወተ፣ የመኪናውን ተጫወተ፣ ሲሸነፍ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ከሥራ ስገባ ነጥቡን በጣቱ እያሳየ ይኮራብኛል። እኔም ተንፈስ አልኩ። ከዚያ የዋሻውን ጨዋታ ከፈተና እዚያው ቀረ።

የዋሻውን እንደማትረሳው አውቃለሁ። ሁለት ሰው የሚጫወተው ነው፤ ፋኖስ የያዙ ትንንሽ ሰዎች፣ ቀዩ ሁልጊዜ የአባባ፣ ቢጫው ሁልጊዜ ያንተ። እኔ ተራ ስጠይቅ ቆይ የምባልበት። የድንጋዩ በር ጋ ስትደርሱ አንዱ ድንጋዩ ላይ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሌላው ያልፋል። የቆመው ከወረደ በሩ ይዘጋል። ያለፈው ከወዲያ ሆኖ መንኮራኩሩን ያዞርና የቀረውን ያስገባዋል፤ ይህ ሁሉ ውሃው ሳይሞላ መሆን አለበት። ድንጋዩ ላይ የሚቆመው ሁልጊዜ አባባ ነበር፣ አንተ ትጮሃለህ፣ እሱ ሂድ ሂድ ይልሃል።

አሁን የሚያደርገው ይህ ነው። ጨዋታውን ይከፍትና ‹መልስ›ን ይጫናል። ሁለቱ ሰዎች በሩ ፊት ቆመው ይመጣሉ። ቀዩን ወስዶ ድንጋዩ ላይ ያቆመዋል። በሩ ይከፈታል። ከዚያ እጁን ከእጀታው ላይ አንሥቶ ያያል። ቢጫውን የሚነዳው የለምና እንደተገተረ ነው። ውሃው ይመጣል፣ ይሞላል፣ ፋኖሶቹ ይጠፋሉ። እንደገና ‹መልስ›። እንደገና ድንጋዩ ላይ፣ እንደገና ውሃው። ቁርሱን በልቶ እዚያ ነው፤ ምሳውንም በልቶ እዚያው ነው። የኳሷን ክፈት ስለው አይሰማኝም፣ የመኪናውን ራሴ ብከፍትለት ትቶት ወደ ዋሻው ይመለሳል።

አጎታችን አጠገቡ ተቀምጠው አዩት። ሰው እየሰመጠ እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ አውጥቶ ደግሞ መልሶ ያሰምጠዋል፣ ይኼ የጤነኛ ጨዋታ ነው ወይ አሉኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመሩ። ይኼ ሰው እኮ የአሳንሰር ቁልፍ ደጋግሞ የሚነካ ሰው ሲያይ የሚቆጣ ነበር፤ አንዴ ተጫን፣ ሰምቶሃል፣ ብትደበድበው ቶሎ አይመጣልህም እያለ ስንቱን አሳፍሯል፤ አሁን እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ አንድ ቁልፍ ሲደበድብ ይውላል አሉ። እውነት ነው፣ እኔንም አንድ ሆቴል ውስጥ በሰው ፊት አሳፍሮኝ ያውቃል። ያን ሳምንት ልቤ ሥራዬ ላይ አልነበረም፤ የቀኙን ሌንስ ለግራ ቆርጬ ደንበኛው ዞረብኝ ብሎ ተመለሰ። እኔም ዞሮብኛል አልኩት።

እረፍቴ ሲደርስ ሌንስ ስመረምር እንደማደርገው ሌላውን ሁሉ ትቼ ጣቱን ብቻ አየሁት። አጎታችን ተሳስተዋል። አይደበድብም። ‹መልስ›ን አንዴ ነካ አድርጎ ጣቱን ያነሣል፤ ውሃው መጥቶ ሁሉም ነገር እስኪያበቃ ዳግመኛ አይነካትም። ከአንዱ እስከ ሌላው ድረስ የሚጠብቅ ሰው ነው ያየሁት። ደስ ብሎኝ ለአጎታችን ልደውል ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልንገራቸው? ይጠብቃል ብላቸው ምን ይጠብቃል ይሉኛል። ደግሞስ የጣት ልማድ ቢሆንስ? ሰው የረሳውን ጣቱ ያስታውሳል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ እያልኩ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስል ዋልኩ።

በኋላ ሁለተኛውን እጀታ አነሣሁ። ይህን ሳላስብ መቆየቴ ገረመኝ። ቢጫውን እየነዳሁ በበሩ አሳለፍኩት። ደስ አለኝ፤ በልጅነቴ የተከለከልኩት በር አይደል! መንኮራኩሩን ላዞር ስል አባባ ‹መልስ›ን ተጫነና በሩ ፊት መለሰኝ። ተሳስቶ መሰለኝ። ደግሜ አለፍኩ፣ ደግሞ መለሰኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስነሣ እጄን ያዘኝ። ጣቶቼን ከእጀታው ላይ ቀስ አድርጎ አላቀቃቸው፣ መዳፌን ወደ ከንፈሩ ወስዶ ሳመው፣ ከዚያ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ፊቱን የማጥብለት እኔ ነኝ፣ ጺሙን የምላጨው እኔ ነኝ፣ ጎኑ እንዳይቆስል የማገላብጠው እኔ ነኝ። እማማ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት የቆመው በእኔ ትከሻ ነው። አንተ ሳጥን ልከህ ስልክ ትዘጋለህ። ታዲያ ያ ጥፍር የምታህል ቢጫ ሰውዬ ለእኔ የማትገባኝ በምን ጥፋቴ ነው? ቀናሁብህ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በስክሪን ሥዕል ቀናሁብህ። ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ምሳውን አበላሁት፤ ምን ላድርግ።

የ‹ውጣ› ነገርም አለ። አንድ ቀን አጎታችን ምሳ ቀርቦ አባባ ከጨዋታው አልነሣ ሲላቸው ራሳቸው ሊዘጉት ፈለጉ። ቁልፎቹን አነበቡና ጣታቸውን ወደ ‹ውጣ› ሰደዱ። አባባ ጮኸ። ከታመመ ጀምሮ እንዲያ ያለ ድምፅ ከአንደበቱ ወጥቶ አያውቅም። እጃቸውን ገፍትሮ ሰሌዳዋን በክንዱ ሸፈናት። አጎታችን ክው ብለው፣ አየሽልኝ አይደል አሉኝ። እሳቸው ሲሄዱ ወደ መድኃኒቱ መሳቢያ ጠቆመኝ። ከፍቼ ይኼ ነው ወይ፣ ያ ነው ወይ እያልኩ ሳወጣ ፕላስተሩ ላይ ስደርስ አዎ አለኝ በዓይኑ። ቆርጬ ሰጠሁት። ‹ውጣ› የሚለውን ቁልፍ ሸፈነው፤ አንድ ፊደል እንዳይታይ ጠርዙን በጥፍሩ እየተጫነ ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲበቃው ገመዱን የምነቅለው እኔ ነኝ።

አንተ የሄድክ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ጫማህ ከቦታው የለም፤ አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። የአሳንሰሩን ሥራ ትቼ የኮምፒውተር ሥራ ልይዝ ነው እንዳልከው፣ እሱም እንደተቆጣ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለታችሁም አልነገራችሁኝም፤ ዓይንና ናጫ ሆናችሁ ቀራችሁ። ትናንት እትዬ መርፌን ጠየቅኋቸው። ግድግዳችን ስስ ነው፣ የእሳቸውም ጆሮ አይታማም። አባትሽ ያላት አንዲት ቃል ናት፣ ጮክ ብሎ ነው፣ ልጁም ወዲያው በሩን ከፍቶ ሄደ አሉኝ። ምን አለው ብዬ ስወተውታቸው ክር እያስገቡ ቆዩና፣ ሰውዬው በገዛ እጁ የሸፈናትን ቃል እኔ አልገልጥበትም አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

ግን አንተን ልጠይቅህ። ያንን ቁልፍ ስትጽፍ ሌላ ቃል አልነበረህም? ‹ዝጋ› ብትል ምን ነበረበት? ሆን ብለህ ጽፈኸው ከሆነ ጨካኝ ነህ እልሃለሁ፤ ሳታስበው ጽፈኸው ከሆነ ደግሞ ምን እንደምልህ አላውቅም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያደናገረኝን ስማ። ራስህ እንዳስረዳኸኝ ‹መልስ› የሚመልሰው ‹አስቀምጥ› ያስቀመጠውን ቦታ ነው፤ ማንም ያላስቀመጠው አይመለስም። በኳሷና በመኪናው ጨዋታ ላይ ሞከርኩት፣ ልክ ነህ፣ ‹መልስ›ን ስጫን ዝም ነው። የዋሻውን አባባ መጀመሪያ ሲከፍተው ግን አጠገቡ ነበርኩ። ‹አስቀምጥ›ን አልነካም። እኔም በእትዬ መርፌ ቀልድ ምክንያት ቁልፉን ፈርቼው አልደርስበትም ነበር። እንዲያም ሆኖ ‹መልስ› ሲጫን በሩ ፊት ከተተን፤ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ውሃው ገና ሳይጀምር። ያ በር ደግሞ የጨዋታው መጀመሪያ ላይ አይደለም፤ እዚያ ለመድረስ ሁለቱንም ሰዎች ተራ በተራ እየነዱ ብዙ መልፋት ይጠይቃል። አባባ አላስቀመጠውም፣ እኔም አላስቀመጥኩትም። ማሽኑ ሲገዛ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው? አጎታችንን ብጠይቃቸው እንዲያ ይሆናል አሉኝ። እኔ ግን አባባን አየሁት፤ ያን ቀን ሁለቱን ሰዎች ሲያያቸው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አጎታችን አእምሮው ሄዷል የሚሉት መናገር ስላልቻለ ነው። ጨዋታን የሚያዝዝ ቁልፍ ንግግርስ ለምን አይሆንም ብዬ፣ በስልክ እንዳሳየኸኝ ፕሮግራሙን ከፍቼ ባዶ የተውካቸውን ቁልፎች መሙላት ጀመርኩ። ‹ውሃ› ጻፍኩ፣ ‹ደክሞኛል› ጻፍኩ፣ ‹እሺ› እና ‹እንቢ› ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ድምፄን ቀድቼ አስገባሁበት። አባባ ‹ውሃ›ን ሲነካው በእኔ ድምፅ ውሃ አለ። በሴት ድምፅ መናገሩ አስቆት ሳይጠማው ደጋግሞ ውሃ አስቀዳኝ።

ከዚያ ደፍሬ ጠየቅሁት። አጎታችን ያዩትን ቦታ ነገርኩት፤ ነርሷንም ዛፉንም አልደበቅሁትም። ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ከእኔ ጋር ትቀራለህ አልኩት። ጣቱ ‹እሺ› ላይ ሄዶ ቆመና ተነሣ። ‹እንቢ› ላይም ሄዶ ቆመና ተነሣ። ከዚያ አልፎ ምንም ያልተጻፈባት ቁልፍ ላይ አረፈ። ባዶ ናት አባባ አልኩት። አሁንም እሷኑ ተጫነ። ምን ልጻፍባት ብዬ በአእምሮዬ የመጣውን ሁሉ ጠራሁለት። ምሳ፣ ሬዲዮ፣ መስኮት፣ ሕመም፣ እማማ። ለሁሉም ‹እንቢ›ን እየተጫነ በገዛ ድምፄ እንቢ አስባለኝ። መላው ሲጠፋኝ ሕፃን ሳለህ እሱ ብቻ ይጠራህ በነበረው ስም ጠራሁህ። ኮረንቲ አልኩ።

እሺ አለ።

ጻፍኩለት። ስሙን እንደጨረስኩ ፕሮግራሙ ይህ ቁልፍ ምን ይሥራ ብሎ ጠየቀኝ። ድምፅ ላስገባ አሰብኩ፣ ግን የእኔ ድምፅ ምን ያደርግለታል? ሳልሞላው ተውኩት። አባባ ስምህን ተጫነና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከሥራ ቀርቼ ይህን የምጽፍልህ ከጎኑ ተቀምጬ ነው። የዋሻው ጨዋታ ተከፍቶ ውሃው እየሞላ ነው፤ እሱ ግን ዞርም ብሎ አላየውም።

አጎታችን ሲመጡ እሺም እንቢም ልላቸው አልችልም፤ መልሱ ከአንተ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ አሁንም ያንኑ እየጠየቀኝ ነው። ኮረንቲ የሚለው ቁልፍ ምን ይሥራ ልበለው?

ፈጣሪ በገባህበት ሁሉ ይከተልህ፤ ጤናህን ያብዛልህ፤ ክፉ ዓይን አያግኝህ። አባባ መናገር ቢችል ምን ብሎ እንደሚመርቅህ አላውቅም፤ እኔ ግን ስለ እሱም ስለ ራሴም ሆኜ መርቄሃለሁ።

ስትቆጣህ የምትወድህ
ታላቅ እህትህ